ከንፈር ላይ የበራ ባትሪ

ባለፈው ሰሞን ቡራዩ ያለው ቤታችን መብራት ጠፋበትና ትንሿ ልጄ የስልኬን መብራት አብርታ አገጯ ሥር ደገነችው። ዓይኗን አፍጥጣ ጥርሷን አግጥጣ ጅብ መሆኗ ነበር። ወንድሟ «በቃ ፈራን፣ አጥፊው» ብሎ ሳቀባት። እኔ ግን አልሳቅኩም። ብርሃኑ ፊቷ ላይ እንዳረፈ ዓይኔ በቀጥታ ሄዶ ከንፈሯ ላይ ተተከለ፤ ምን እንደምትል ሊያነብ። ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ስልኩን ከአገጯ ትንሽ አራቅኩላት። በጣም ሲጠጋ የታችኛው ከንፈር ጥላ ይጥላል፤ ቃሉ አይለይም። «ምን እያደረግሽ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ይህን የተማርኩት ሰበታ ነው። ከፋብሪካው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ከጭቃ ቤታችን በር አጠገብ፣ ምስማር ላይ አንድ የቆርቆሮ ባትሪ ተሰቅሎ ይውል ነበር። ሁለት ትልልቅ ድንጋይ ይጎርሳል፤ ጠዋት ሲይዙት እጅ ያቀዘቅዛል፤ ክዳኑ ሲከፈት የዝገት ሽታ ይወጣዋል። ሰው ቤት ባትሪ የሚያዘው መንገድ ለማየት ነው። እኛ ቤት የሚያዘው ለመናገር ነበር። መብራት ጠፍቶ እናቴን ማናገር የፈለገ ባትሪውን ያነሣና በገዛ አፉ ላይ ያበራል፤ ይናገራል፤ ድንጋዩ እንዳያልቅ ቶሎ ያጠፋል። እሷ በጨለማው ውስጥ ትመልሳለች። እኛ እንሰማታለንና እሷ ባትሪ አያስፈልጋትም ነበር።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ሸማኔ ነበረች፤ የማሽን ሸማኔ። የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል፣ በፈረቃ ትሠራ ነበር። አባታችን የሞተው ታናሽ ወንድሜ ገና ድክ ድክ ሲል ስለሆነ ቤቱ በእሷ እጅ ነበር። አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ሄዳ ይዤላት ስሄድ ዘበኛው አዘነልኝና እስከ ክፍሉ በር አስገባኝ። በሩ ሲከፈት የወጣው ነገር ድምፅ አይባልም፤ የሚገፋ ነገር ነው። ደረቴን ገፋው፣ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። በመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል፤ የጋለ ዘይት ይሸታል። ሴቶቹ በየማሽናቸው መሀል ቆመው ከዳር ዳር እየተያዩ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዷ እዚህ ስትናገር ሌላዋ እዚያ ማዶ ትስቃለች። እዚያ ውስጥ ቢጮኹ ዋጋ የለውም። ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው፣ የሽመና ክፍል ሴት ሁሉ ከንፈር ታነብ ነበር። ማንም አላስተማራቸውም፤ ካላነበቡ ቀኑን ሙሉ ሳያወሩ መዋል ነው፤ ያ ደግሞ ለሰበታ ሴት የሚታሰብ አይደለም።

ሙያቸው ከፋብሪካ ውጭም ይከተላቸዋል። ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ፣ ቄሱ በመሀል ቆመው ሲያስተምሩ፣ እናቴ ከአንዱ ጥግ ጓደኛዋ ከሌላው ጥግ ሆነው፣ ፊታቸው ላይ ሐዘን እንደተቀባ፣ ያለ ድምፅ ሰውን ሲቦጭቁ አይቻለሁ። እኔና ወንድሜም እናነባለን። ሳቃችን ሲያመልጠን እናቴ ነጠላዋ ውስጥ ትወሽቀንና ከላይ ሆና ታለቅሳለች፤ ልጆቿ ለሟቹ ያለቀሱ እንዲመስል።

ጆሮዋ እየሄደ መሆኑ ግን ለሰፈሩ አልገባውም። ለእኛም አልገባንም። በአንድ ጊዜ ቢደነቁር ሰው ሁሉ ያዝንላት ነበር። የእሷ እንዲያ አልነበረም። ፊቷን ካላዞረች የሴት ሰላምታ አይገባትም፤ የወንድ ይገባታል። ከፉሪ ወተት የሚያመጡልን ኦቦ፣ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ከአጥሩ ውጭ ቆመው በኦሮምኛ «አካም ቡልተኒ?» ብለው እንዴት አደራችሁ ሲሉን እናቴ ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ እያጠበች «ፈያ፣ ገለተ ዋቃ! ይግቡ፣ ክፍት ነው» ትላለች። ወዲያው የጎረቤታችን ሚስት በአጠገቧ አልፋ «እንዴት አደርሽ» ስትላት ዝም። አንዴ ሁለቴ ቢሆን ይታለፋል። ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን የሰፈሩ ሴቶች ነገሩን በራሳቸው ተረጎሙት። «ባል የሞተባት ሴት ናት። ጆሮዋ የሚከፈተው ለወንድ ነው» አሉ። የሚሉትም እሷ ባለችበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ከንፈር የምታነብ ሴት ፊት ሹክሹክታ ምን እንደሚጠቅም እግዜር ይወቀው። እናቴ እያንዳንዷን ቃል ከአፋቸው እየለቀመች ሆድ ይፍጀው ብላ ትገባ ነበር።

እኛንም አትሰማንም ነበር። «እማ» ብዬ ስጠራት ዞራ አታውቅም። ልንጠራት ስንፈልግ አምፖሉን እናጠፋና እናበራዋለን፤ ያን ጊዜ ትዞራለች። መብራት ከሌለ ባትሪውን አንሥተን ፊቷ ባለው ግድግዳ ላይ እናበራለን፤ ስትዞር ወደ አፋችን እናመጣዋለን። ወተት አምጪውን ሽማግሌ በጀርባዋ ሰምታ እኔን አጠገቧ ቆሜ ስትተወኝ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ያለችኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መርጣ እኔን ላለመስማት የወሰነች ይመስለኝ ነበር። አኩርፌ ብዙ ቀን ራቴን ሳልበላ ተኝቻለሁ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ ለመንገር አፌ ላይ ማብራት ይኖርብኛላ።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፊዚክስ የሚያስተምረን ቀጭን፣ ቁጡ፣ የጋዋኑ ኪስ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። አንድ ቀን የእንጨት ማስመሪያ ይዞ ገባ። ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አስረግጦ ይዞ የተረፈውን ጫፍ በጣቱ መታው። ማስመሪያው እየተርገበገበ ወፍራም ድምፅ አወጣ። ወደ ውስጥ አስገባና አሳጥሮ መታው፤ ድምፁ ቀጠነ። ደግሞ አሳጠረው፤ ደግሞ ቀጠነ። 

«ረጅሙ በዝግታ ይርገበገባል፣ አጭሩ ቶሎ ቶሎ። ቀጭንና ወፍራም የምትሉት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም» አለን። 

ቀጥሎ ስለ ብርሃን አወራ። «ብርሃን ማንንም አይለምንም፤ ባዶውን ሰንጥቆ ይመጣል። ድምፅ ግን ተሸካሚ ይፈልጋል። አየር፣ ውኃ፣ ብረት፣ አጥንት፣ ብቻ የሚሸከመው። በእኛና በፀሐይ መካከል አየር ቢኖር ኖሮ በጩኸቷ እንቅልፍ አይወስደንም ነበር።»

እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ወፍራሙን ድምፅ ሰምቶ ቀጭኑን የማይሰማ ሰው አለ?» አልኩት።

ከኋላ አንዱ «አባቴ! እናቴን አይሰማትም» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። አስተማሪው አልሳቀም። ማስመሪያውን አስቀምጦ «ለማን ነው የጠየቅሽው?» አለኝ። «ለእናቴ» አልኩት። «የት ነው የሚሠሩት?» አለኝ። ነገርኩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ጆሮ ውስጥ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ። ቀጭኑን ድምፅ የሚቀበሉት መግቢያው ላይ ናቸው፤ ወፍራሙን የሚቀበሉት ወደ ውስጥ ገባ ብለው። ጩኸት ሲበዛ መጀመሪያ የሚጎዱት የመግቢያዎቹ ናቸው። «ሣር በይው» አለኝ፤ «በር ላይ ያለው ቀድሞ ይረገጣል።»

«ከዚያስ ተመልሶ ይበቅላል?» 

«ሣር ይበቅላል። ይሄኛው አይበቅልም።» 

ያን ቀን እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። እናቴን አስቀምጬ፣ ማስመሪያዬን ጠረጴዛው ላይ ይዤ፣ እጇን እንጨቱ ላይ አስደግፌ ሁሉንም አሳየኋት። ረጅሙን ስመታ ራሷን ነቀነቀች። አጭሩን ስመታ ጣቷ ላይ ንዝረቱ ይሰማታል፣ ጆሮዋ ግን ምንም የለም። ደጋግማ አስመታችኝ። በመጨረሻ «ታዲያ ወንድ ወዳድ አይደለሁማ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ቆሞ እንባው ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ልትሰማኝ ያልፈለገች መስሎኝ የተኛሁባቸው ምሽቶች ሁሉ፣ ድምፄ የተረገጠው ሣር ላይ እየወደቀ ኖሯል። ፋብሪካውን እንድትለቅ ለመንኳት። «ማን ያብላችሁ?» አለችኝ። በማግሥቱ ፈረቃዋን ገባች።

በክረምት ግን ሦስታችንም እኩል የምንሰማው አንድ ነገር ነበር። ዝናቡ ሲከብድ በሩን ከፍተን ደፉ ላይ እንቀመጣለን። ከፉሪ ተራራ በላይ መብረቁ ብልጭ ሲል እኔና ወንድሜ መቁጠር እንጀምራለን። ብልጭታውን ወዲያው እናየዋለን፤ ነጎድጓዱ በአየር እየተጓዘ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ብዙ ከቆጠርን መብረቁ ሩቅ ነው፣ ጥቂት ከቆጠርን ቅርብ ነው። ነጎድጓዱ ሲደርስ እናቴ ከእኛ እኩል «ይኸው!» ትላለች። ለሰው የሚያስፈራውን ነገር እሷ እንደ ዘመድ ነበር የምትጠብቀው። የረጠበ አፈር ይሸታል፤ የእሷ ክንድ በአንድ በኩል፣ የወንድሜ ትከሻ በሌላ በኩል ይሞቀኛል። ዛሬም ቢሆን ከዚያ ደፍ የተሻለ መቀመጫ አግኝቻለሁ ብል ውሸት ነው።

አንድ አመሻሽ እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ወንድሜ ከውጭ ገብቶ «እማ፣ ጫማዬ የት ነው?» አለ። ለራሱ ያለው ነገር ነው፤ መልስ የጠበቀም አልነበረም። ድምፁ ለሳምንታት ሲሰባበር፣ አንዴ ቀጥኖ አንዴ ወፍሮ ሲያስቀን ሰንብቷል። ያን ቀን ግን ሳይሰበር እስከ መጨረሻው ወፍሮ ወጣ። 

ቢላዋው ቆመ። እናቴ ቀስ ብላ ዞረች። «ምን አልክ?» 

«ጫማዬን...» 

«ቆይ፣ ልዙርና በለው» አለችና ከሽንኩርቱ ራቅ ብላ ፊቷን ወደ ሌላው ግድግዳ አዞረች። ደገመው። «ከአልጋው ሥር» አለች፤ አሁንም ወደ ግድግዳው እያየች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽንኩርቱ ነው እንዳንል ሽንኩርቱ ከኋላዋ ቀርቷል። ያን ምሽት ወንድሜን አላስተኛችውም። ያገኘውን ሁሉ አስነበበችው፤ የታሪክ መጽሐፉን፣ የሳሙናውን ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ። አምፖሉን አጥፋው አለችና በጨለማ አስወራችው። በጨለማ፣ ያለ ባትሪ፣ ከልጇ ጋር ስታወራ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ደስ አለኝ፤ ግን ደስታው ብቻውን አልነበረም። አንድ ጥግ ተቀምጬ ሁለቱ በጨለማ ሲሳሳቁ ስሰማ የያዘኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የወንድ ልጅ ድምፅ አድጎ ይወፍራል። የእኔስ? በማግሥቱ ከቤታችን ኋላ ወዳለው ባዶ የውኃ በርሜል ሄጄ ጭንቅላቴን ከትቼ «እማ» አልኩ። በርሜሉ አወፍሮ መለሰልኝ። ደግሜ አልኩ። ወንድሜ አንድ ቀን ደርሶብኝ «አንቺ፣ ፂም ልታበቅዪ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ሳቁን ተወ። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ይመጣ ጀመር። «ከአፍሽ አይደለም፤ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ እዚያ ሲንቀጠቀጥ ነው» ይለኛል። እየተለማመድኩ ድምፄ ወረደ፤ ዛሬ በስልክ የማያውቁኝ ሰዎች «ወንድሜ» የሚሉኝ ያ በርሜል ባወጣው ድምፅ ነው። እናቴ ግን የምትሰማው ለመስማት ያህል ነበር። «የሆነ ነገር አለ፤ እንደ ሩቅ መኪና። ቃሉን አልለየውም» ትለኛለች። ቃል እንዲሆንላት አሁንም ከንፈሬን ማየት ነበረባት።

ወንድሜ ትምህርቱን ጨርሶ ሆለታ አበባ እርሻ ገባ። እዚያ አልቆየም። በመጣ ቁጥር ስለ አንድ ደላላ፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ተሻገሩ ልጆች ለእኔ ብቻ ያወራ ነበርና ልቡ እንደሸፈተ አውቄያለሁ። እሱ ግን «ዝም ብዬ ነው» ይል ነበር። አንድ ጠዋት ሆለታ ሌላ እርሻ ሥራ አገኘሁ አለና ልንሸኘው መናኸሪያ ወጣን። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። እናቴ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ልትገዛለት ሄደች። መስተዋቱ ዝግ ነበር። ወንድሜ ግራ ቀኙን አየና በእናታችን ቋንቋ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሩ አናገረኝ። «ሆለታ አይደለም። ዓረብ አገር ነው። ለእማ አሁን እንዳትነግሪያት።»

ድምፅ ቢሆን መስተዋቱ ባስቀረው ነበር። ብርሃን ግን መስተዋት አይከለክለውም። ዞር ስል እናቴ ከኋላዬ ቆማለች፤ ቆሎው በወረቀት ተጠቅልሎ እጇ ላይ ነው፤ ዓይኗ የልጇ አፍ ላይ። ዕድሜያችንን ሙሉ እሷ ያስተማረችንን ንግግር፣ ከእሷ ለመደበቅ ተጠቀመበት። ከእሱ በቀር ይህን ስሕተት የሚሠራ ማን አለ? የእሷ ልጅ ብቻ ነው የሚሠራው። ሚኒባሱ ተነሣ። እናቴ «አስቁሙልኝ!» አለች፤ የሽመና ክፍል ሴት ጩኸት መናኸሪያውን ሁሉ አዞረው፤ መኪናው ግን አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ነበር። ቆሎውን እንደያዘች ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፤ እኛም አልበላነው፣ የጣለውም የለም።

ከጅቡቲ በኩል ይደውል ጀመር። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። ምንም። ድምፁን በጨለማ የለየች ሴት በስልክ አጣችው። አስተማሪዬን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ ጠየቅኩት። የስልክ መስመር ድምፅን በሙሉ አይሸከምም አለኝ፤ ከላይም ከሥርም ይቆርጣል፤ ለጤነኛ ጆሮ የተረፈው ይበቃዋል። የሚቆረጠው ከሥር ያለው ደግሞ ወፍራሙ ነው። እናቴ የምትሰማውን ስልኩ አይሸከምላትም፤ ስልኩ የሚሸከመውን እሷ አትሰማም። ስለዚህ እኔ እሰማና በከንፈሬ እነግራታለሁ። ዓይኗ አፌ ላይ ተሰክቶ፣ የእሱን ቃል ከእኔ ከንፈር ትለቅማለች። 

የመጨረሻው ጊዜ የደወለው አመሻሽ ላይ ነው። መብራት ጠፍቷል፤ የባትሪው ድንጋይ አልቆ ብርሃኑ ቢጫ ሆኗል። «ባሕሩ ዳር ነኝ» አለኝ። «ከማዶ ብልጭ ይላል። እቆጥራለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ ድምፁ አይመጣም።» 

«ሩቅ ስለሆነ ነው» አልኩት። 

«ዛሬ ሳንሻገር አንቀርም። እማን ስጪኝ።» 

«አትሰማህም እኮ።» 

«ግድ የለም። እኔ ልስማት።»

ባትሪው ለከንፈሬ አልበቃ አለና ስልኩን እጇ ላይ አደረግኩላት። ገባት። «ልጄ» አለች። «በላህ?» ብላ ዝም አለች፤ አንድ ሰው መልስ ሊመልስ የሚበቃውን ያህል ጠበቀች። «ልብስስ አለህ?» ደግሞ ጠበቀች። «እዚያ ብርድ የለም?» ጠበቀች። ጥያቄዎቿን ሁሉ እንደዚያ ጠየቀች፤ ለእያንዳንዱ መልስ ቦታ እየተወች። እኔ አጠገቧ ሆኜ ከስልኩ የሚወጣውን ለመስማት ብጠጋም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ አላሰማኝም። ስልኩን ስቀበላት መስመሩ ተቋርጧል። መቼ እንደተቋረጠ አላውቅም። ለእናቴ የመለሰላት ነገር ካለ የገባው የማይሰማ ጆሮ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልደወለም። አብረውት ከነበሩት አንዱ ተሻግሯል አለ፤ ሌላው ጀልባዋ ተገልብጣለች አለ። አስከሬን የለም፤ ሞተ ያለን የለም። ዘመድ ድንኳን እንትከል ሲል እናቴ «ማንን ልትቀብሩ?» ብላ ከለከለች። ጡረታ ወጣች። ቤቱ ጸጥ አለ። ላያት ስሄድ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ያን ዕለት ምን ብሎኝ ይሆን?» «ደህና ነኝ ብሎሽ ነው» እላታለሁ። ከንፈሬን ታያለች፤ አታምነኝም። ውሸት ከንፈር ላይ ከድምፅ ይልቅ እንደሚታይ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

እኔ ያን ጊዜ ሱሉልታ የውኃ ማሸጊያ ውስጥ ተቀጥሬ እዚያው ተከራይቼ ነበር የምኖረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበታ እሄዳለሁ። አንድ ነሐሴ ላይ ጉንፋን ይዞኝ፣ ድምፄ እስከ መጨረሻው ወርዶ፣ በዝናብ በስብሼ ደረስኩ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ቢሆንም ደመናው ሰፈሩን አጨልሞታል፤ መብራትም የለም። በሩ ገርበብ ብሏል። እንደ ልማዴ እጄን ወደ ምስማሩ ሰድጄ ባትሪውን አነሣሁ። ሳላበራው፣ በርሜሉ ውስጥ በተማርኩት ድምፅ፣ ከደረቴ «እማ» አልኩ። 

ከአልጋው በኩል ከባድ ትንፋሽ ሰማሁ። 

«መጣህ?» አለች። 

አውራ ጣቴ ማብሪያው ላይ ነበር። መግፋት ብቻ ነው የቀረኝ። ከንፈሬ ይበራል፣ ማን እንደሆንኩ ታያለች፣ ያበቃል። እጄ ግን እንቢ አለኝ። በዚያ ጨለማ ውስጥ የእናቴ ድምፅ ከስንት ዓመት በፊት ወደ ግድግዳው ዞራ ስታወራ የሰማሁት ድምፅ ነበር። 

«መጣሁ፣ እማ» አልኩ። 

ከውጭ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። 

«ያን ዕለት በስልክ አልሰማሁህም እኮ። በልተህ ነበር?» 

«በልቻለሁ አልኩሽ።» 

«ልብስስ?» 

«አለኝ።» 

«ብርድ የለም?» 

«የለም፣ እማ። ሞቃት ነው።» 

«እሺ» አለች። በረጅሙ ተነፈሰች። ወዲያው ከፉሪ በላይ ብልጭ አለና የቤቱ ውስጥ ለአፍታ ነጣ፤ ፊቷን አየሁት፤ እሷም እኔን አየችኝ። ሁለታችንም እየቆጠርን እንደነበር አውቃለሁ። ነጎድጓዱ ሲደርስ ግን «ይኸው» ያለ አልነበረም። 

ከአልጋው ተነሥታ በዳበሳ መጣች። ባትሪውን ከእጄ ወሰደችና አበራችው፤ በእኔ ላይ አላበራችውም፤ መሬቱን አየችበት። «ጫማሽ በስብሷል፣ አውልቂው» አለችኝ። ባትሪውን አጥፍታ ምስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለችው። ከዚያ መዳፏን ደረቴ ላይ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ አሳረፈችው። ስለ ስልኩ ከዚያ ቀን በኋላ እስክትሞት ጠይቃኝ አታውቅም።

«ድምፅሽ እንዲህ ነው ለካ» አለችኝ። 

እንዲህ አልነበረም። የእኔ ድምፅ ቀጭን ነበር፤ እሷ ሳትሰማው ነው ያለፈው። «አዎ፣ እንዲህ ነው» አልኳት፤ እጇ ደረቴ ላይ እንዳለ።